ሻይሽን ጠጥቼ የሄድኩ ቀን

አዲስ አበባ
ግንቦት 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው? ቀና ብለሽ ትሄጃለሽ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትነሺው? በልጉስ ያዘላችሁ? በዚያ ሳልፍ ገብሱ ገና ቅጠል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም። ልጅሽስ? ጉልበቷ ዳነላት? እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ጤና ማለት ይኸው ከሆነ ጤነኛ ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስደውልልሽ ነበር። ይጠራል፣ አታነሺውም። አንድ ጊዜ ልጅሽ አነሳችውና እንደ ትልቅ ሰው «ማን ልበል?» አለችኝ። ዘጋሁት። ምን ልላት ኖሯል? ስለዚህ ስልኩን ተውኩትና ወረቀት ያዝኩ። የሚያደርስልሽ አባስ ነው፤ ያን ዕለት ደጅሽ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ሲለጥፍ የነበረው የኮምቦልቻው ልጅ። በሥራ ወደ ላሊበላ ይመላለሳል። የሚያውቀው ነገር የለም፤ ለሻይ ቤቷ ሴትዮ የምስጋና ደብዳቤ ነው ብዬዋለሁ። ራስሽ አንብቢው። እንደ ድሮው ለመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ወስደሽ «ዓይኔ ደከመ፣ ያንብቡልኝ» እንዳትዪ።

አንቺ የምታውቂው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ልንገርሽ።

ሰሎሞንን አይተሽዋል። ረጅሙ፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰው፣ ሻይሽን ያስደገመው። ልንጋባ ነው። በስልክ «ሰው አለኝ» ያልኩሽ እሱን ነበር፤ ስሙን እንኳ አልነገርኩሽም፣ አንቺም አልጠየቅሽኝም። አንቺን ደግሞ ለእሱ ጭራሽ አልነገርኩትም። እሱ ዘንድ እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ ለወላጆቼ አንድ የሆንኩ፣ ሁለቱም የሞቱብኝ ሴት ነኝ። ባንክ የገባሁ ሰሞን ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ነበር፤ ለእሱም ያንኑ አልኩት፣ ከዚያ በኋላ ማፍረሻው ቀን ጠፋኝ። ሽማግሌ ሲልክ የተቀበሉልኝ የሥራ ባልደረባዬ የየአብስራ አባት ናቸው። እሳቸው ሳሎን ተቀምጠው «ልጃችን ናት፣ ሰጥተናል» ሲሉ እኔ ጓዳ ቆሜ፣ አንቺ በዚያች ሰዓት ምን እየሠራሽ ይሆን እል ነበር።

ሰሎሞን ሳይክል ይወዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሱሉልታ አብረን እንወጣለን፤ ያስለመደኝ እሱ ነው። አባስ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ሲሆን ኮምቦልቻ ውስጥ ሳይክል ይጠግናል፣ ያከራያልም። የሚያዝያ 27ን በዓል ተጠግተን የሦስት ቀን ጉዞ እንሂድ ተባለ። አባስ ሳይክሎቹን በፒክአፕ ጭኖ ሊቀድመን፣ ሰሎሞን፣ የአብስራና እኔ በአውሮፕላን ልንሄድ። የት? ላሊበላ። አይተሽው ታውቂያለሽ ወይ ሲለኝ አላውቅም አልኩት።

አርብ ዕለት ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሜ፣ አስጎብኚው ከአንድ ድንጋይ እንዴት እንደተፈለፈለ ሲያስረዳኝ አፌን ከፍቼ ሰማሁት። አንቺ ሙዳይና ሰፌድ ትሸጪበት በነበረው ጥግ አለፍን። አሁን ማንም የለበትም። የአብስራ ፎቶ አንሺኝ ብላኝ እዚያው ጥግ ላይ አቁሜ አነሳኋት። ጥቁር መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርጌ ስለነበር የሚያውቀኝ ሰው ቢኖርም አላወቀኝም።

ቅዳሜ ጠዋት አባስ መንገዱን ነገረን። በገነተ ማርያም በኩል ወጥተን ኩልመስክ ድረስ በሳይክል፤ ፒክአፑን ረዳቱ ይዞ እዚያ ቀድሞ ይጠብቀናል። እኔ በብልባላ በኩል ይሻላል አልኩ። አባስ ሳቀብኝ፤ እዚያ ሙቀት ነው፣ የሚታይም የለም አለ። ላሊበላን አይቼ አላውቅም ያልኩት ሰው የብልባላን መንገድ ከየት እንዳወቅኩት ማንም አልጠየቀኝም። ሆዴን አመመኝ ብዬ ሆቴል መቅረት እችል ነበር። ይህን ልብ በይልኝ፤ መቅረት እችል ነበር። አልቀረሁም። ላያችሁ ፈልጌ ነበር። እንድታዩኝ ግን አልፈለግኩም። ሄልሜት አለ፣ መነጽር አለ፣ ለአቧራው ፊቴን በሻሽ እጠቀልላለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ በዓይኔ ጎን ደጃችሁን አያለሁ ብዬ ነው የወጣሁት።

ጠዋቱ ደስ የሚል ነበር፣ እታለም። ይህን ብደብቅሽ ሌላ ውሸት መጨመር ይሆንብኛል። ከከተማው ስንወጣ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልይዝ ለቀቅኩት፤ ጆሮዬ ውስጥ ከነፋሱ በቀር ምንም የለም። ስንት ዓመት በእግሬ የረገጥኩት መንገድ ነው፤ እንጨት ተሸክሜ፣ ደብተር ይዤ፣ እናታችን የታመመች ጊዜ ደግሞ ከቃሬዛዋ ኋላ ኋላ እየሮጥኩ። በሳይክል ሲወርዱት የሌላ ሰው አገር ይመስላል። ከወንዙ ማዶ ዳገቱ ያዘን። ማርሹን ወደ መጨረሻው ቀላል ብለውጠውም ጭኔ ይንቀጠቀጣል። ሰሎሞን ከጎኔ ሆኖ በአንድ እጁ ጀርባዬን እየገፋ ያወጣኛል። አንድ ጥላ የያዙ ቄስ በቅሏቸውን ዳር አውጥተው አሳለፉንና «በርቱ ልጆቼ» አሉን። አቡነ ዮሴፍ ጫፉ ደመና ውስጥ ነበር። ለአንድ አፍታ ለምን እንደመጣሁ ረሳሁ። አንቺንም ረሳሁሽ።

ሻይ ቤትሽ ያለው ግን ዳገቱ ራስ ላይ ነው። እዚያ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሽው ብሎ የሚያልፍ ሳይክል የለም፤ ሁሉም እየተንፏቀቀ ነው የሚደርሰው። ይህን ከጠዋት ጀምሮ ማሰብ ነበረብኝ። በዚያ ላይ ሰባ እርምጃ ያህል ሲቀረን የየአብስራ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ወረድን። አባስ ቤትሽን አየና እዚያ ጥላ ሥር እለጥፈዋለሁ፣ እናንተም አረፍ በሉ አለን። ሳይክሌን እየገፋሁ መጣሁ።

ቤትሽ አንድ ጎን ግድግዳ የለውም። ጦርነቱ የወሰደው ጎን በጆንያ ተሸፍኗል። በስልክ ሁልጊዜ «ቤቱም እኛም ደህና ነን» ነበር የምትዪኝ። ማንቆርቆሪያ ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሻል።

መነጽሩም፣ ሻሹም፣ ሄልሜቱም አልጠቀሙኝም። ሳይክሎቹን አላየሽም፣ ሌሎቹን አላየሽም። እኔን ብቻ። ከአረማመዴ እንዳወቅሽኝ ገባኝ። አፍሽ ሲከፈት አየሁ፤ ስሜ ከንፈርሽ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ነው ፊቴን ወደ ሰሎሞን አዙሬ፣ በአዲስ አበባ አነጋገሬ፣ «ሴትዮዋ ሻይ ይኖራት ይሆን?» ያልኩት።

ሴትዮዋ።

አፍሽ ተከደነ። ከዚያ ሻይ አለ፣ ግቡ የኔ እንግዶች፣ ደክሟችኋል አልሽ። ድምፅሽ አልተለወጠም። አንዱን ወንበር በነጠላሽ ጫፍ ጠርገሽ አቀረብሽልኝና «እዚህ ይቀመጡ» አልሽኝ። በአንቱታ።

የኔ ሥራ ሥራ አይደለም። ግን አንቺስ ምነው እንዲህ ቻልሽበት? ብትጮሂብኝ፣ በጥፊ ብትመቺኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ታውሪያለሽ እንዴ?» ብትዪኝ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሰሎሞንም ያውቅ፣ እኔም እገላገል። በዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተናድጄብሻለሁ። ልናደድብሽ እንደማይገባኝ አውቃለሁ፣ ንዴቱ ግን አልሄደም። «ይቀመጡ» ስትዪኝ ደጅ አስቀርተሽ በሩን የዘጋሽብኝ መሰለኝ። መዝጊያውን ያቀበልኩሽ ደግሞ ራሴ ነኝ።

ሌሎቹን ስኳር ስንት እንደሚፈልጉ ጠየቅሽ። የኔን ሳትጠይቂ ያለ ስኳር አመጣሽልኝ። ሰሎሞን አስተውሎ፣ እትዬ እንዴት አወቁባት ብሎ ጠየቀሽ። «ፊታቸው ጣፋጭ የሚወድ አይመስልም» አልሽው። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሻይሽን ለመጠጣት ሻሹን ከአፌ ላይ ዝቅ አደረግኩ።

ከዚያ ልጅሽ መጣች።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ያን ቀን ሰባት ዓመት ከሰባት ወሯ ነበር። በእናታችን ስም ፈትለወርቅ ያልሻት ልጅ፣ አነጋገሯም እንደ እናታችን ቀስ ያለ ነው። ሳይክሎቹን ዞራ ዞራ አየቻቸው፣ የሰሎሞንን ደወል ደወለች፤ እሱም አንስቶ ኮርቻው ላይ አስቀመጣትና ደጅሽን እየገፋ አዞራት። ልጅ ሲስቅ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም። ስትወርድ ቀጥ ብላ ወደኔ መጣች። ፊቴ ላይ አፈጠጠችና «ጥርስሽ እንደኔ ነው፣ መሃሉ ክፍት» አለችኝ።

ሰሎሞን ቀና ብሎ አየን። እውነትም ሁለታችሁም ፍንጭት ናችሁ፣ ቁሙ ፎቶ ይነሳ አለ። በእሱና በእኔ መካከል አቆማት፣ አባስ አነሳን። እጄን የት ላድርገው? ትከሻዋ ላይ ማድረግ ፈራሁ፣ አለማድረግም ፈራሁ። በመጨረሻ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ፎቶው ሰሎሞን ስልክ ላይ አለ። ብዙ ጊዜ ያየዋል።

የማን ልጅ ናት ብሎ ጠየቀሽ። «የኔ ናት» አልሽው። አባቷስ አለሽ። «አባት የላትም። እኔ አለኋት።»

አንቺ ውሃ ልታመጪ ስትገቢ የአብስራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያሳዝናል፣ ባል ሳይኖር፣ ቤቱም ግድግዳ ሳይኖረው ልጅ» አለች። ክፉ ሰው አይደለችም፣ አፏ ላይ መጥቶላት ነው። ዝም ብል ያልፍ ነበር። ግን ሁሉም ፊቴን የሚያዩኝ መሰለኝና «እነዚህ መውለዱን እንጂ ማሳደጉን የት ያውቁታል» አልኩ። ቀና ስል ጆጉን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሻል። ሰምተሻል። እንዳልሰማ ሰው ሆነሽ አልፈሽ የአባስን እጅ አስታጠብሽው።

አንቺን ነው እንዲህ ያልኩት። ወልድያ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ እኔ እንድተኛ ብለሽ ሳትተኚ የከረምሽውን። ከዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሲመጣ ደረቴን በነጠላሽ ጠፍረሽ አስረሽ፣ «ወተቱ ይደርቃል፣ አይዞሽ፣ ሂጂ» ብለሽ ባሕር ዳር አውቶቡስ ላይ ያሳፈርሽኝን። እኔ ክርስትናዋን እንኳ ሳላይ፣ ሕፃን አዝለሽ ብቻሽን አገር ቤት የገባሽውን። ያ ሰማኸኝ ሽማግሌ ልኮብሽ እሺ ተብሎ ቀን የተቆረጠለት ሰው ነበር፤ ልጅ አዝለሽ ሲያይሽ ሽማግሌዎቹን ልኮ ነገሩን አፈረሰው። ገበያ ላይ ምን እንደሚሉሽ አንቺ አልነገርሽኝም። የአጎታችን ልጅ ታፈረ ነው ባሕር ዳር መጥቶ፣ በእህትሽ ምክንያት አንገታችንን ደፋን ያለኝ። እኔም አብሬው አንገቴን ደፋሁ። ሰባት ዓመት ለጠየቀሽ ሁሉ «የኔ ናት» ብለሻል። እኔ ደጅሽ ላይ የተናገርኩት ነገር የተገላቢጦሽ መሆኑን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።

ጎማው አለቀ፣ ተነሳን። በሰላም ግቡ አልሽን። ልጅሽ የሰሎሞንን ኮርቻ ይዛ መሮጥ ጀመረች። ከደጅሽ አልፎ መንገዱ ቁልቁል ይሆናል፤ እኔ ከሁሉም ፊት ነበርኩ። እግሯ ላይ ያደረገችው ጫማ እኔ ለገና የላክሁላት ነው። ቁጥሯን ሳላውቅ በግምት ስለገዛሁት ጠቧት ተረከዙን ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ ትጎትተዋለች። ስትጮህ ሰማሁና ዞርኩ። ጠጠሩ ላይ ተደፍታለች። አባስ ሳይክሉን ጥሎ ይሮጣል፣ ሰሎሞን አንስቶ አቅፏታል። ጉልበቷ ላይ ያለው ደም ከዚያ ርቀት ይታያል።

እጄ ፍሬኑ ላይ ነበር። ያዝኩት። ከዚያ ለቀቅኩት። ቁልቁለቱ ወሰደኝ ብልሽ ደስ ባለኝ። አልወሰደኝም፤ ፔዳሉን ረግጬ ነው የሄድኩት።

ታች ድልድዩ ጋ ከየአብስራ ጋር ቁጭ ብለን ጠበቅናቸው።  ሰሎሞን አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። በዚያች አንድ ሰዓት ምን እንዳላችሁ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እሱ የነገረኝ ይህን ብቻ ነው፤ ቁስሏን በጨው ውሃ አጥበሽላታል፣ አልተቆጣሽም፣ ወጥቶ ሲሄድ ግን ጠርተሽ «ያችን ልጅ ነፋስ ጉሮሮዋን ይነካታል፣ አንገቷን ትሸፍን በሏት» ብለሽዋል። እናት የሆነች ሴት ሁሉን ታስተውላለች አለኝ። ሻሼን አንገቴ ላይ አጠበቅሁ።  ገብቶት ይሆን? ፊቱን ስንት ጊዜ አጥንቼዋለሁ፤ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ልናዘዝልሽ ብቻ አይደለም። የሚመጣብሽ ነገር አለ።

አዲስ አበባ በገባን በሳምንቱ ሰሎሞን ያቺ ልጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለችኝ አለኝ። እናምጣት፣ ከእኛ ጋር ትደግ፣ ጥሩ ትምህርት ቤት እናስገባት ይላል። እናቷን በወግ እንጠይቃለን፣ በየዓመቱ እየወሰድን እናሳያታለን ይላል። ትምህርት ሲዘጋ በሰኔ መጨረሻ ከአባስ ጋር ራሱ ሊመጣ ወስኗል። «ፍንጭቷ ያንቺ ነው፣ ልጃችን ናት ብንል ማን ይጠራጠራል?» አለኝ እየሳቀ።

ሁለት ቀን ደስ አለኝ። ልደብቅሽ አልችልም። ሱቅ ገብቼ የልጅ አልጋ አይቻለሁ። ጠዋት ጠጉሯን ስሠራላት ታየኝ፣ ምን ብላ እንደምትጠራኝም አሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን አንቺ ታየሽኝ። ለሰሎሞን ሻይ ቀድተሽ፣ የሚልሽን ሁሉ ጸጥ ብለሽ ሰምተሽ፣ «እሺ» ስትዪው። ትዪዋለሽ። እኔን አንድም ቀን እምቢ ብለሽኝ አታውቂም፣ ለእኔ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ። ልብሷን በፌስታል አድርገሽ ትሰጪዋለሽ፣ መንገዱ ላይ ቆመሽ ትሸኛታለሽ፣ ከዚያ ያ በጆንያ የተሸፈነ ቤት ውስጥ ብቻሽን ትገቢያለሽ። ትዳርሽን ወሰድኩ። ስምሽን ወሰድኩ። አሁን ደግሞ እሷን?

እምቢ በይው። «የኔ ናት፣ አልሰጥም» በይው። ሰባት ዓመት ያልሽው ቃል ነው፣ አይከብድሽም። ቢለምንሽም፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ቢያወራሽም፣ ዓይኑ እንባ ቢሞላም እምቢ በይው። ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩነቱ እንዳያሸንፍሽ።

እውነቱን ለምን ራስሽ አትነግሪውም ትዪኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ጀምሬአለሁ። ባለፈው እሑድ «ያቺ ሴትዮ» ብዬ ጀመርኩና ቀና ብሎ ሲያየኝ «ሻይዋ ጥሩ ነበር» ብዬ ጨረስኩት። ከዚህ በላይ ጉልበት የለኝም። እምቢ በይ የምልሽም ላንቺ አስቤ ይሁን፣ በየጠዋቱ ያን ጥርስ እያየሁ መኖርን ፈርቼ ይሁን፣ አልለየሁትም። ይቅር በዪኝ አልልሽም። ብልሽ ወዲያው ይቅር ትዪኛለሽ፣ የምፈራውም እሱኑ ነው።

ሰርጉ በጥር ነው። በእናት ቦታ የየአብስራ እናት ይቀመጡልኛል። መጥሪያ አልክልሽም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ግድግዳሽን የሚያቆምልሽ እጅ ያምጣልሽ። ደጅሽ መንገደኛ አይጣ፤ የሚመጣውም አክብሮሽ የሚገባ ይሁን። ልጅሽን በጤና ያሳድግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ እኔን በመሰለችበት እኔን አያድርጋት።

አክባሪሽ፣
የፈትለወርቅ አክስት